ካንዴሌታው ቴስታታ ውስጥ ተቆርጦ የቀረብህ ወንድም፣ አትቸኩል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት። አጭር መልስ ልጽፍልህ ጀምሬ አላጥር አለኝ። ሌላውም ሰው እንዲከተለን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ካንዴሌታ ማለት ናፍታ ሞተር በብርድ እንዲነሳ ውስጡን የሚያግል ዘንግ ነው፣ ቴስታታ ደግሞ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው። ሱሉልታ ነው የምትኖረው። ባለ 3ኤል (የቶዮታ ናፍታ) ሞተር፣ ነጠላ ጋቢና፣ ያረጀ ሃይሉክስ አለህ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወተት ጭነህ አዲስ አበባ ትገባለህ። ከጥቅምት ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለህ። መካኒኩ ካንዴሌታዎቹን ልቀይር ብሎ ሲፈታ ሦስቱ ወጡ፣ አንዱ ከአንገቱ ተቆርጦ ቀረ። አሁን እሱ "ቴስታታው ይውረድ" ይላል። አንተ ደግሞ "በሦስቱ ልነዳው ወይ?" ትላለህ።

መንዳት ትችላለህ። ግን ከመንዳትህ በፊት ሁለት ነገር እይ።

አንደኛ፣ የወጡትን ሦስቱን ካንዴሌታዎች ጎን ለጎን አስተኛቸው። ጫፋቸው ላይ ያለው ቀጭኑ ዘንግ በቁመት እኩል ነው? አንዱ ካጠረ፣ የጎደለው ቁራጭ ሞተሩ ውስጥ ነው ያለው። ያን ጊዜ የማስነሻ ቁልፉን እንኳን እንዳትነካ። በዚህ ሞተር ናፍታው መጀመሪያ የሚረጨው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ካንዴሌታውም ጫፉን የሚያወጣው እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ቁራጩ ከዚያ አምልጦ ፒስተን ላይ ከወረደ፣ ለአንድ ካንዴሌታ ብለህ ሞተር ልታወርድ ነው።

ሁለተኛ፣ የተቆረጠው ቀዳዳውን ደፍኖታል ወይ? አንተ እንደጻፍከው ከሆነ ተቆርጦ የሄደው የመፍቻ ቁልፍ የሚገባበት ራሱ ነው። ሰውነቱ ከነጫፉ በፊሌቶው፣ ማለትም በብሎን ጥርሱ፣ እንደተያዘ ነው። ያ ደህና ነው። ዙሪያውን የሳሙና አረፋ ቀባና ሰው ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ያዙርልህ። አረፋው ካበጠ ወይም "ጽስስ" የሚል ድምፅ ከሰማህ ግፊት እያመለጠ ነው፣ አትነዳም። ስታይ ደግሞ ፊትህን ቀዳዳው ላይ አትደፋ። ሲሊንደር ውስጥ ሲቃጠል ያለው ግፊት ከጎማህ ግፊት ከ10 እጥፍ በላይ ነው። መሀሉ ላይ የቀረው ዘንግ ከላላ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ደህና ከሆነ፣ ካንዴሌታዎቹን የሚያገናኘው ብረት የተቆረጠውን እንዳይነካ በፕላስቲክ ሸፍነህ እሰረው።

ከዚህ በኋላ ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ከዚያ ይረጋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የካንዴሌታ ሥራ አልቋል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ሹፌር ነኝ። ያንኑ ሞተር የተሸከመ መኪና ይዤ ከሰንዳፋ መገናኛ 13 ዓመት ተመላልሻለሁ። በ2009 ዓ.ም. ህዳር ላይ የኔም ተቆርጧል። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ሌሊት ነው፣ ጭነት ይጠብቃል፣ ሞተሩ በረዶ ነው። አልላላ ሲለኝ ቁልፉ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ሳብኩት። መጀመሪያ ትንሽ ለስለስ አለልኝ። "እሰይ፣ ለቀቀ" ስል "ቀጭ!" አለ። ያቺ ልስላሴ ፊሌቶው ሲለቅ የሚሰማ ሳይሆን ብረቱ ሲጠመዘዝ የሚሰማ እንደሆነች ያወቅኩት ራሱ እጄ ላይ ሲቀር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ካንዴሌታ ግን አይፈታም፣ ይቆረጣል። ሦስት ወር በሦስት ካንዴሌታ ነዳሁ።

አሁን ዋናው ነገር ይኸውልህ። አዲስ ካንዴሌታ ከመግዛትህ በፊት የድሮዎቹ ለምን እንደሞቱ እወቅ። ካላወቅክ አዲሶቹም ይከተሏቸዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ አራት አዲስ ካንዴሌታ በሁለት ሳምንት ውስጥ አቃጥያለሁ።

መጀመሪያ በሽታው በእርግጥ ካንዴሌታ ነው? ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ ነጭ ጭስ ከወጣና ያልተቃጠለ ናፍታ ከሸተተህ፣ ነዳጁ ደርሷል፣ ሙቀት ነው የጎደለው። ያ ካንዴሌታ ነው። እያዞረ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍታው አልደረሰም፣ አየር ስቦ ይሆናል፣ ፊልትሮ (የናፍታ ማጣሪያው) ይሆናል። ሞተሪኖው እየጎተተ የሚያዞር ከሆነ ባትሪና ገመድ እይ። ቀን ሞቆ ቆሞም አልነሳ ካለ ደግሞ ካንዴሌታን አትውቀስ፣ የናፍታ ፖምፓ ወይም ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ አየር የመጨመቅ አቅም) ነው። አንተ "ቀን ላይ በአንድ ቁልፍ ይነሳል" ብለሃል፣ ስለዚህ የተጠረጠረው ራሱ ጥፋተኛው ነው።

ለምን ሱሉልታ ላይ እንዲህ እንደሚብስ የጠየቅከው ጥሩ ጥያቄ ነው። ናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ብልጭታ የለውም። አየሩን ጨምቆ፣ በዚያ ሙቀት ነው ናፍታውን የሚያቀጣጥለው። እናንተ ጋ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ከባህር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህሉ የለም። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ነገር አነሰ ማለት ነው። የሞተሩ ብረት ደግሞ በውርጭ አድሮ ያቺኑ ሙቀት ይመጥጣታል። ካንዴሌታ ጫፉ 800 ዲግሪ እና ከዚያ በላይ እየጋለ ጉድለቱን ይሞላል። አዳማ ላይ በሁለት ካንዴሌታ የሚነሳ መኪና ሱሉልታ በአራቱም ያንገራግራል። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ሰው። ለናፍታ መኪና ግን አራት ደህና ካንዴሌታ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የተጠቀለለች ሽቦ የምትመስል ቢጫ መብራት አትመናት። በአሮጌ መኪና ላይ በሰዓት ቆጣሪ ነው የምትጠፋው። አራቱም ሞተው እሷ በርታ ትጠፋለች።

መፈተሽ ቀላል ነው። የሚያገናኛቸውን ብረት ፍታ። የአንድ ትንሽ አምፖል አንዱን ገመድ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ካንዴሌታው ራስ ላይ አስነካ። ከበራ ውስጡ አልተቆረጠም። ካልበራ ሞቷል። በመለኪያ ከሆነ ደህናው ከ2 ኦም በታች ነው። የወጣውን ደግሞ በፒንሳ ይዘህ፣ ሰውነቱን ከኔጋቲቭ፣ ራሱን ከፖዘቲቭ በክሮኮዲል ገመድ አገናኘው። በጥቂት ሰከንድ ከጫፉ ጀምሮ መቅላት አለበት። ከመሀሉ ወይም ከሥሩ ከቀላ ጣለው። እንደቀላ ወዲያው ልቀቀው፣ ለማየት ብለህ አታቃጥለው።

አሁን ጫፋቸውን አንብብ። እኔ ጆንያ ላይ በተራቸው ደርድሬ ነበር ያየኋቸው። የሁለተኛው ጫፍ እንደተነፈረ ባቄላ አብጧል። የሦስተኛው አይጥ የበላው ይመስላል። ያበጠ ማለት ከሚገባው በላይ ኤሌክትሪክ አግኝቷል፣ ወይ ብዙ ቆይቶበታል። ተቆርጦ የሚቀረውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፣ ያበጠው ጫፍ በገባበት ቀዳዳ መልሶ አይወጣም። የተበላ ከሆነ የዚያ ሲሊንደር ናፍታ መርጫ፣ ኖዝሉ፣ እያንጠባጠበ ነው፣ ወይም ፖምፓው ቀድሞ እየረጨ ነው። ኖዝሉን ሳታስፈትሽ አዲስ ካንዴሌታ አትግጠምበት። በዘይትና በጥላሸት የተለቀለቀ ከሆነ ወሬው ወደ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይሄዳል፣ ዛሬ አልገባበትም።

አራቱም አንድ ላይ ከሞቱ ግን ኖዝል አይደለም። ሪሌ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚለያይ ማብሪያ) ነው፣ ወይ የተሳሳተ ቮልት። የኔ ሪሌው ነበር፣ ተጣብቆ ቀርቶ ሲያቃጥላቸው ከርሟል። ሞተሩ ተነስቶ አምስት ደቂቃ ከሄደ በኋላ አገናኙ ብረት ላይ መለኪያ አድርግ። ምንም ቮልት መኖር የለበትም። ካለ ሪሌው አልተለያየም።

የቮልቱ ነገር ብዙ ሰው ይሸወድበታል። በ12 ቮልት መኪና ላይ 6 ቮልት ካንዴሌታ የሚገጠምበት ስርዓት አለ። መጀመሪያ ቶሎ ያግለውና ከዚያ መቆጣጠሪያው ይቀንስለታል። ያንን ካንዴሌታ ቀጥታ ለሚመግብ መኪና ከገጠምከው አንድ ጠዋት አይቆይም። ቁጥሩ ሰውነቱ ላይ ተጽፏል። ሶማሌ ተራ ስትወርድ የድሮውን በኪስህ ይዘህ ውረድ፣ ቁጥሩን፣ ፊሌቶውንና የጫፉን ርዝመት አመሳክር። ዋጋውን አልነግርህም፣ እስክታነበው ይቀየራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። መኪናህ ላይ መቆጣጠሪያው ተነቅሎ በጣት የሚጫን ቁልፍ ተተክቶለታል? ብዙ ያረጁ መኪኖች ላይ እንዲህ ነው። በራሱ ክፋት የለውም፣ እኔም አለኝ። ግን ረዳቱ አባታችን ሆይን ጨርሶ ሰላም ለኪን እስኪደግም ይዞት ይቆማል። ከ15 ሰከንድ በላይ አያስፈልግም። ካልተነሳ ልቀቀው፣ ትንሽ ጠብቅ፣ ድገመው።

የተቆረጠውን ስለማውጣት፦ ቴስታታ ማውረድ የመጨረሻው አማራጭ ነው። እኔን ያዳነኝ አንድ ሼባ የቶርኖ ባለሙያ ነው። ቴስታታው እንደተቀመጠ ነው ያወጣው። ለሦስት ማታ ሞተሩ ሙቅ ሳለ ዝገት ማላቀቂያ አስረጨኝ። በአራተኛው ቀን መሀሉን ቀስ ብሎ በሳው። መብሻውን በየጊዜው እያወጣ ግሪስ ይቀባው ነበር፣ ፍቅፋቂው ግሪሱ ላይ እንዲለጠፍና ውስጥ እንዳይወርድ። ከዚያ ውስጡን ፊሌቶ አወጣለትና ብሎን አስገብቶ በሚስብ መዶሻ ጎተተው። ሁለት ሰዓት ፈጀበት፣ ግማሹ ሻይ ነው። ሲጨርስ የዚያን ሲሊንደር ኖዝል አስፈታ፣ የፖምፓውን ማጥፊያ ገመድ ነቀለ፣ ሞተሪኖውን አዞረ። የቀረው ብናኝ በቀዳዳው ተፍ አለ። እንዲህ የሚሠራ ሰው ፈልግ። መካኒክህ በድሪል ልሞክር ካለህና ግሪስ ካልጠየቀህ ቁልፍህን ተቀበል።

አዲሱ ሲገባ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ጥላሸት ይጠረግ። ቀዳዳው ሳይጸዳ የገባ ካንዴሌታ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ይቀራል። በጣትህ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት፣ ካልገባ አታስገድደው። ፊሌቶው 10 ሚሊ ከሆነ ማጥበቂያው ከ15 ኒውተን ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ በአንድ እጅ ቀስ ብሎ እንደማለት ነው። ሲፈታም ወደ 35 ከተጠጋ ሊቆረጥ ነው። ያን ጊዜ ተው፣ ሞተሩን አሙቀው፣ ዘይት አጠጣው፣ ወደፊትና ወደኋላ እያልክ አላላው። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ተዋስ፣ የውሃ ቧንቧውን ለቧንቧ ሠራተኛ ተወው።

እስከዚያው ድረስ ኤተር የሚባለውን የማስነሻ ስፕሬይ አትርጭ። ካንዴሌታ ባለው ሞተር ላይ ኤተር ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳል፣ ፒስተንና ፋሻ ይሰብራል። ናፍታ የነከረ ጨርቅ ለኩሶ አየር መሳቢያው ላይ መያዝም ይቅር። ሲሠራ አይቻለሁ፣ ጨርቁ ሲሳብም አይቻለሁ። ገፍቶ ማስነሳት ካሰብክ ሱሉልታ ሜዳ ነው፣ ቁልቁለት ፍለጋ እንጦጦ መውጣትህ ነው።

ማታ ሞተሩ እንደሞቀ ኮፈኑ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል። ኮፈኑ ላይ ነው ያልኩህ፣ ውስጡ አይደለም። የባለቤቴን ጋቢ ቬንቲላተር በልቶብኛል፣ እስካሁን ይነሳብኛል።

የሦስቱን ጫፍ ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍ። የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣና ሰውነታቸው ላይ ያለውን ቮልት አብረህ ጻፍ። መካኒክህ ሦስቱን አንድ ላይ ባልዲ ውስጥ ከጣላቸውም ንገረኝ፣ ኖዝሎቹን ሁሉ ማስፈተሽ ሊኖርብህ ነው።