መልስ፦ ለደብረ ብርሃን መንገድ የቤንዚን ጎልፍ ወይስ የናፍጣ?

ጠያቂያችን፣ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ መካከል ለመመላለስ፣ አልፎ አልፎም ወደ ሸዋ ሮቢት ለመውረድ በዓመት የኪራይ ውል የሚይዙት ሰባተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ የቤንዚኑ ጂቲአይ ይሁን የናፍጣው ጂቲዲ ብለው ላነሡት ጥያቄ የእኔ ምርጫ ናፍጣው ነው። በእርግጥ ጂቲአይ 220 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ጂቲዲ ያለው 184 ነው፤ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስም ቤንዚኑ በአንድ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ይሁን እንጂ አራት ሰው ከነሻንጣው ጭነው ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የጣርማ በርን ዳገት ሲወጡ፣ ከፊትዎ አንድ አይሱዙ እየጨሰ ሲያዘግም፣ ለመቅደም የሚያስፈልግዎ በዝቅተኛ የሞተር ዙር የሚገኝ የመሳብ ኃይል ነው፤ በዚህ ደግሞ ጂቲዲ በ380 ኒውተን ሜትር 350 ያለውን ጂቲአይ ይበልጠዋል። ከፍታው አያስጋዎት፤ በደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ቢሳሳም ሁለቱም ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ስላላቸው ተርቦ እንደሌለው ሞተር አይደክሙም።

መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ከደብረ ብርሃኑ የጠባሴ ሰፈር መሀል ከተማ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ግን ናፍጣውን ይተዉት፤ የጭስ ማጣሪያው ጥቀርሻውን አቃጥሎ የሚጸዳው ረዘም ባለ ጉዞ በመሆኑ በአጭር መንገድ ይደፈናል። ከመፈረምዎ በፊት የማጣሪያው ወጪ በማን ላይ እንደሚወድቅና በዓመት የተፈቀደው ኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ በውሉ ላይ በግልጽ ያስጽፉ።