ቫርኒሹ ይቆይ፤ መጀመሪያ እንጨቱ ይድረቅ

ከኮተቤ የጻፉልን አንባቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በግቢያቸው ባለው ሰርቪስ ቤት የእንጨት ሥራ ጀምረዋል። ኅዳር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የባሕር ዛፍ ጣውላ ከመጋዝ እንደወረደ ገዝተው የአናጺ ጠረጴዛ ሠሩ። የካቲት ሲገባ ጣውላዎቹ መሐላቸው ጎድጉዶ ዳርና ዳራቸው ተነሣ፤ ከመካከላቸውም ሁለቱ ተሰነጠቁ። መላጊያ ሲገፉበት ደግሞ ጠረጴዛው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። «የትኛው ቫርኒሽ ነው መጣመሙን የሚያቆምልኝ? ለመወዛወዙስ ምስማር ብጨምርበት ይበቃል?» ይላሉ።

መምህር፣ መጣመሙን የሚያቆም ቫርኒሽ የለም። ምስማሩም አይረዳዎትም። እንጨቱ ግን ለማገዶ አልተዳረገም፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሰው ይጠቀሙበታል።

ከጎደጎዱት ጣውላዎች የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ይመልከቱት። ደብዘዝ ያሉ ቅስት መስመሮች ያያሉ፤ የዛፉ የዕድሜ ቀለበቶች ናቸው። ጣውላ ሲደርቅ እነዚህ ቅስቶች ቀጥ ማለት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በቅርፊቱ በኩል የነበረው ገጽ ይጎደጉዳል፣ በግንዱ እምብርት በኩል የነበረው ይነፋል። የእርስዎ ጣውላዎች የቅርፊት ወገናቸው ወደ ላይ ሆኖ ነው የተመቱት። ከዚያም በላይ ጥሬ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በስፋቱ ክፉኛ ይሸበሸባል፤ 20 ሳንቲ ሜትር የነበረው ጣውላ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በቁመቱ ግን የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም። እርስዎ ዳርና ዳሩን በምስማር ስለቸነከሩት የሚሸሽበት አጣና መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ። አሁን ላዩን ብቻ ቫርኒሽ ቢቀቡት ከሥር መድረቁን ይቀጥላል፤ ሁለቱ ገጾች እኩል ስለማይተነፍሱም መጣመሙ ይብሳል።

ስለዚህ ይፍቱት። ምስማሩን ነቅለው ጣውላዎቹን ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይደርድሩ፤ ፀሐይ ላይ እንዳያሰጧቸው። በየደርቡ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ቀጫጭን እንጨቶች በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ያስገቡ፤ የላይኞቹ በታችኞቹ ትክክል ይሁኑ። የጣውላዎቹን ጫፎች የተረፈ የዘይት ቀለም ይቀቧቸው፤ እርጥበቱ በጫፍ በኩል በፍጥነት ስለሚወጣ ስንጥቁ ከዚያ ነው የሚጀምረው። ከላይ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይጫኑበት።

እስከ መቼ? አናጺዎች ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይላሉ። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ስለሆነ ከዚያ ሊያጥር ይችላል፤ ከመገመት ግን መመዘን ይሻላል። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ከጣውላው ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው ትንሽ ቁራጭ ይቁረጡና ወዲያውኑ ይመዝኑት። ከዚያ ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ምድጃ ውስጥ አስገብተው ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ያድርቁት። 240 ግራም የነበረው 200 ቢሆን የወጣው 40 ግራም ውሃ ነው፤ 40 ለ200 ሲካፈል 20 በመቶ። ይህ ለጠረጴዛ ገና ነው። 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይጀምሩ።

መጠበቅ ካልቻሉ ሌላ መንገድ አለ። ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ ብዙ ዓመት የደረቀ ስለሆነ ከመሬት እስከ ሰማይ ይለያል። ከመግዛትዎ በፊት ግን እንጨቱን መሬት ላይ መታ መታ ያድርጉት፤ ከትንንሽ ቀዳዳዎች አዲስ ዱቄት ከረገፈ ነቀዝ ውስጡ እየሠራ ነውና ይተዉት። ምስማር መኖሩን በማግኔት ይፈልጉ፤ ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ጥሩ ነው። አንድ የተደበቀ ምስማር የመላጊያ ምላጭ ይጨርሳል። አዲስ የተቆረጠ ዋንዛ ወይም ዝግባ በርካሽ አለ የሚልዎት ቢመጣ ደግሞ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን ከኮሶና ከጽድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለነገሩ ዋንዛ በመዶሻ ለሚደበደብ ጠረጴዛ አይባክንም፤ ለበርና ለቁም ሳጥን ነው የሚያምረው።

ጣውላው ከደረቀ በኋላ በነበረበት አኳኋን አይመልሱት። ትልቁ ነገር ይህ ነው። እያንዳንዱን ጣውላ በቁመቱ ሰንጥቀው 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ዘንጎች ያድርጉት፤ ካልተሰነጠቀ ጣውላ ሦስት ይወጣል፤ መሐሉ ከተሰነጠቀው ግን ሁለት፣ ስንጥቁ ያለበት መሐል ይጣላል። ከዚያ ዘንጎቹን በጎናቸው ያቁሟቸውና ጎን ለጎን በኮላ ያጣብቋቸው። የተኙት የዕድሜ ቀለበቶች አሁን ቆሙ ማለት ነው። እንጨት በቀለበቱ አቅጣጫ ከሚሸበሸበው ቀለበቱን ሰንጥቆ በሚያልፈው አቅጣጫ የሚሸበሸበው በጣም ያንሳል፤ ስለዚህ ገጹ ጎድጉዶ አያስቸግርዎትም። 5 ሳንቲ ሜትሩ ከተላገ በኋላ 4.5 ቢቀረው 11 ዘንግ 49.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይሰጥዎታል። ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ሰፊ ጠረጴዛ ዕቃ ማከማቻ ይሆናል።

ዘንጎቹን በአንድ ጊዜ አያጣብቋቸው። ሦስት ወይም አራት እያደረጉ አጣብቀው አንድ ሌሊት ያሳድሩ፤ በኋላ እነዚያን ያገናኟቸው። ማጥበቂያ ብረት ከሌለዎት ሁለት ጠንካራ ሞራሌ ወለሉ ላይ ትይዩ አድርገው ያስሩና ዘንጎቹን በመካከላቸው አስገብተው በሽብልቅ ያጥብቁ። በመጋጠሚያው ሁሉ ላይ ኮላው እንደ ጤዛ በትንንሽ ጠብታ ብቅ ካለ ልኩ ነው። ጭራሽ ካልወጣ ኮላ አንሷል፤ ከፈሰሰ በዝቷል። ጠብታው እንደ ጎማ ሲለሰልስ በመሮ ይፋቁት፤ ድንጋይ እስኪሆን አይጠብቁ። ነጭ ኮላ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ በደንብ አይዝም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከሆነ ቤት ውስጥ አስገብተው ይሥሩ።

አሁን ወደ መወዛወዙ። በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን ይለዩ። ባዶ ጠረጴዛውን በማዕዘኑ ሲጫኑት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወለሉ ወይም የእግሮቹ ቁመት ነው፤ በውሃ ልክ አይተው ከረዘመው እግር ይቁረጡ። ሲገፉት መላው ጠረጴዛ የሚንሸራተት ከሆነ ቀሏል፤ ከታች መደርደሪያ ሠርተው አሸዋ የሞላ ጆንያ ይጫኑበት፣ ከእግሮቹም ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ያድርጉ። ጎማው መንሸራተቱን ከመያዙ ሌላ እግሩ ከሲሚንቶው ወለል እርጥበት እንዳይስብ ያደርጋል። እግሮቹ ቆመው ላዩ የሚሄድ ከሆነ ግን ችግሩ መጋጠሚያው ነው፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት የእርስዎ ይኸኛው ነው። ምስማር በየግፊቱ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። አሥር ቢጨምሩ አሥር ቀዳዳ ያሰፋል።

መፍትሔው እግሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ ሰፊ አግዳሚ ነው። እግሮቹ 9 በ9 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ፣ አግዳሚዎቹ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑራቸው። አጫጭሮቹን የጎን አግዳሚዎች በመሮ ቦርቡረው፣ ወንዴና ሴቴ አድርገው፣ ማለትም የአግዳሚው ምላስ ከእግሩ ቀዳዳ እንዲገባ፣ በኮላ ይግጠሟቸው። ረጃጅሞቹን ግን ኮላ ሳይቀቡ በ12 ሚሊ ሜትር ብሎን ከሮንዴላና ከዳዶ ጋር ይሰሯቸው። እንጨቱ ከወራት በኋላ ሲሸበሸብ ቁልፍ ይዘው ያጠብቁታል፤ ቤት ቢቀይሩም ፈትተው ይወስዱታል። የፊት እግሮቹ ከገጹ ጠርዝ ጋር አንድ መስመር ላይ ይሁኑ፤ ረጅም በር ጎኑን ሲልጉ እግሩም ይደግፍልዎታል።

በደብዳቤዎ እንዳሉት ከፍታውን 95 ሳንቲ ሜትር አድርገዋል። ለመላጊያ ከፍ ይላል፤ ትከሻዬን ያመኛል ያሉትም ከዚህ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ወደ ታች ይልቀቁና መዳፍዎን ወደ ወለሉ ያጥፉት፤ መዳፍዎ ያለበት ቦታ ከፍታዎ ነው። መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው 80 እና 85 መካከል ይወድቃል።

ገጹን ከአግዳሚዎቹ ጋር ሲያስሩት በፊት በኩል በብሎን ያጥብቁት፤ በኋላ በኩል ግን የብሎኑን ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ ያድርጉት። በበጋና በክረምት መካከል የሚኖረው የጥቂት ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ መውጫ ያገኛል። የሚሠሩትን እንጨት ነክሶ የሚይዘውን ሞርሳ ከምናለሽ ተራ ያገለገለ ቢገዙ ይበቃል፤ ሲገዙ ጠመዝማዛውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ይዝጉት፣ መንጋጋዎቹም ሳይዛነፉ መገጠማቸውን ይዩ። የብረት መንጋጋው ከገጹ በታች ይቅር፤ በሁለቱም ላይ የእንጨት ጉንጭ ይግጠሙበት።

ማስተካከሉ የሚመጣው ጠረጴዛው በቆመበት ቦታ ከተሰራ በኋላ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በሁለቱ ጫፎች ላይ አጋድመው ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይን ይመልከቱ። የፊተኛው ዘንግ ጠርዝ ከኋለኛው ዘንግ ጋር ትይዩ ካልሆነ ገጹ ተጣሟል። ከፍ ያሉትን ቦታዎች በእርሳስ ያጭሩባቸው፤ መላጊያውን መጀመሪያ በወርዱ፣ ቀጥሎ በሰያፍ፣ በመጨረሻ በቁመቱ ይግፉት። ከመላጊያ በፊት ብርጭቆ ወረቀት እንዳያስነኩት፤ የረገፈው አሸዋ ምላጩን ያዶለዱማል።

ወደ ቫርኒሽዎ እንመለስ። ለዚህ ጠረጴዛ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አልመክርም። ሥራው ይንሸራተትበታል፣ በመዶሻ ምት ይላጣል፣ ደግመው ሲልጉትም ያስቸግራል። የተልባ ዘይት ይቀቡት። ለእንጨት ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ስላለበት በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል፤ ለምግብ የተጨመቀው ሳምንታት ይፈጃል እንጂ እሱም ይደርቃል። ቤት ውስጥ አፍልተው ለማሻሻል እንዳይሞክሩ፤ እሳት ነው። የፓልም ዘይት ጨርሶ አይደርቅም፤ ሰጋቱራ እየሰበሰበ ይቆሽሻል። ላዩንም፣ ሥሩንም፣ በተለይ ጫፎቹን ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን ጠርገው ያንሡ፣ ሲደርቅ ይድገሙት። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ገጹን በዘንጎቹ አይተው፣ ካስፈለገ ለስለስ አድርገው ልገው፣ አንድ ጊዜ ዘይት ይመልሱለት።

የጠረጉበትን ጨርቅ ግን አጣጥፈው ሰጋቱራ ካለበት ጥግ አይጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተከመረ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ከቤት ውጪ ገመድ ላይ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይንከሩት።