የምትገመግመው ሁለት ዕቃ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ኤችፒ 200ኤልኤክስ የተባለውን የድሮ የኪስ ኮምፒውተር አገልግሎበት ያለፈ ገዝተህ ለቡድናችን ግምገማ ልትጽፍ አስበሃል፤ «ከምን ልጀምር፣ ዝርዝር መግለጫውን በሙሉ ላስገባ ወይ?» ብለሃል። እኔ እስካሁን ስምንት ወይም ዘጠኝ የኪስ ኮምፒውተሮችን ገምግሜያለሁ። ከእነዚህ መካከል የማፍርበት አንድ ጽሑፍ አለ፤ ከእሱ ልነሣ።

ክዳኑ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት መሣሪያ ነበር። ስጽፍበት በየአሥር ደቂቃው ድርግም ይላል፤ አዲስ ድንጋይ ባስገባም ባትሪው አልቋል ይለኛል። እኔም «የኃይል አጠቃቀሙ የማይረባ ነው» ብዬ ፈረድኩበት። በማግስቱ ሌላ የቡድናችን አባል የእሱ ተመሳሳይ መሣሪያ በሁለት ድንጋይ ሳምንታት እንደሚሠራ ጻፈ። በንዴት የባትሪውን ክዳን ከፍቼ በእጅ ባትሪ አበራሁበት። ከሞላው ሥር አረንጓዴና ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። የቀድሞው ባለቤት ድንጋዩን ውስጡ ረስቶት ፈሷል፤ ዝገቱ ኃይሉን ሲያንቀው መሣሪያው ባትሪ ያለቀ ይመስለዋል። ጥጥ በአቼቶ ነክሬ ጠረግኩት፣ በአልኮል አደረቅኩት፣ ችግሩ ጠፋ። ግምገማዬን ግን ብዙ ሰው አንብቦት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስጽፍ ሁለት ዕቃ እንደያዝኩ አድርጌ አስባለሁ። አንደኛው ሞዴሉ ነው፤ ያንተው በ1994 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው። ሁለተኛው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ ዛሬ ጠረጴዛህ ላይ ያረፈው ነው። ስክሪኑ ከውስጡ መብራት የለውም፤ ይህ የሞዴሉ ነው፣ የሁሉም እንዲሁ ነው። ክዳኑ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ አንድ ቁልፍ ከላላ፣ ይህ የአንተው ዕቃ ታሪክ ነውና «የእኔው እንዲህ ሆኗል» ብለህ ለይተህ ጻፈው። «ግምገማ» ሲባል የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ትዝ ስለሚለን ነው መሰለኝ፣ ብዙዎቻችን የምንጽፈው የክስ ዝርዝር ይመስላል።

ወደ ዝርዝር መግለጫው ስንመጣ፣ ሙሉውን አትገልብጥ። ከአጠቃቀምህ ጋር የሚገናኘውን ብቻ አውጣ። 640 በ200 ነጥብ ያለው ስክሪን ማለት በአንድ መስመር 80 ፊደል፣ 25 መስመር ይይዛል ማለት ነው፤ ለአንባቢ ትርጉም የሚሰጠው ይህ ነው። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 7.91 ሜጋኸርዝ መሆኑን ብቻ ብትነግረው ይስቃል። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኤምኤስ-ዶስ 5.0 እና የሒሳብ ሠንጠረዥ መሥሪያው ሎተስ 1-2-3 ከፋብሪካው አብረውት የተቀበሩ መሆናቸውን፣ የማብሪያ ቁልፉን ስትጫን ትናንት ማታ የተውከው ሠንጠረዥ ላይ እንደምትገኝ ጨምረህ ብትነግረው ግን ሳቁን ያቆማል።

ዋናው ነገር ግን እውነተኛ ሥራ ስጠው፤ ሦስት ሳምንት አካባቢ። እኔ በ200ኤልኤክስ የዕድራችንን መዋጮ በሎተስ ይዤ ነበር። የሞከርኩት ለቀልድ ነበር፣ ከማንኛውም የፍጥነት መለኪያ የበለጠ አስተማረኝ። የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት በሆነው በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህ መሣሪያ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ ፊደላችንን አያውቅም። ስም ዝርዝሩን በላቲን ፊደል ጻፍኩት። ወሩ ሲያልቅ ስደምር «ፀሐይ» የሚለውን ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አስገብቼው ኖሮ አንዲት ሴት ሦስት ቦታ ተመዝግባ ተገኘች። ሁለት ቦታ ደግሞ ዕዳ አለባት! እንዲህ ያለውን ነገር ከየትኛውም መመሪያ መጽሐፍ አታገኘውም፤ እኛ ደግሞ ካንተ የምንፈልገው እሱን ነው።

ባትሪን በተመለከተ የተጠቀምክበትን ዓይነት ሳትጠቅስ «ይህን ያህል ቆየ» አትበል። ተራው አልካላይን ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ቻርጅ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ 1.2 ስለሆነ ጠቋሚው ገና ከጅምሩ ዝቅ ብሎ ያሳያል። እኔ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ስሠራበት ሁለት አልካላይን አንድ ወር ገደማ አገለገሉኝ። በመሣሪያው ላይ የጻፍከው የት እንደሚቀመጥም ንገረን። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ፓልም ፓይለት የተባለ የኪስ ኮምፒውተር ያለውን ሁሉ የሚይዘው በባትሪ ኃይል ነው፤ ድንጋዩን ስትቀይር ያለህ ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እኔ አዲሶቹን ልጬ፣ አሰልፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የምቀይረው። ያንተው የሳንቲም ቅርጽ ያላት መጠባበቂያ ባትሪ ስላለችው ይሻላል፤ ዋናዎቹን ድንጋዮችና እሷን ግን በአንድ ጊዜ አታውጣ።

ከዛሬ ስልክ ጋር አታወዳድረው፤ ማንን እንደሚጠቅም አላውቅም። በዘመኑ ከነበሩት ጋር አወዳድረው። ለምሳሌ የ1997ቱ ሳይኦን ሲሪዝ 5 ክዳኑ ሲከፈት የቁልፍ ሰሌዳው ወደፊት ተንሸራቶ ይወጣል፤ በአሥር ጣት መጻፍ ለሚፈልግ ሰው እሱን እመርጥለታለሁ። 200ኤልኤክስን በሁለት እጅህ ይዘህ በአውራ ጣት ነው የምትጽፍበት። ቆመህ፣ ወይም ታክሲ ውስጥ ተቀምጠህ ከሆነ ግን ሳይኦኑ አይደርስበትም።

ፎቶውን በመስኮት ብርሃን አንሣ፤ ፍላሽ ስክሪኑን ያጠፋዋል። የገዛህበትን ዋጋ ከጻፍክ ዓመቱንም ጻፍ።

ይህን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ግን ዛሬ ማታ የባትሪውን ክዳን ክፈትና ሞላውን በደንብ እየው። አረንጓዴ ነገር ካለ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ አቼቶውን እስከዚያው ከወጥ ቤት አውጥተህ ጠብቀኝ።