ቫይታሚኔን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጤ ጥፋት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቫይታሚን ሲ፣ መልቲቫይታሚንና የዓሣ ዘይት እወስዳለሁ። እንዳይበላሹብኝ ብዬ ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። ጠዋት አወጣቸውና ጠረጴዛ ላይ አደርጋቸዋለሁ፣ ከቁርስ በኋላ እመልሳቸዋለሁ። ሰሞኑን ሳይ ቫይታሚን ሲው ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል። ጊዜው ለማለፍ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ልጣለው? ደግሞስ ፍሪጅ ከሁሉም የተሻለ ቦታ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቫይታሚን ሲውን ይጣሉት። ጊዜው ዓመት ቢቀረውም ነጠብጣቡ ቀድሞ ተናግሯል። ቡናማ የሆነው እርጥበትና አየር አግኝተውት መበላሸት ስለጀመረ ነው። እስካሁን የዋጡት ይጎዳኛል ብለው አይደንግጡ። ግን በየቀኑ ቫይታሚን ወሰድኩ እያሉ ምን ያህል እንደቀረው የማይታወቅ ነገር መዋጥ ምን ይረባል?

ወደ ፍሪጁ ልምጣ። ብርዱ በራሱ ቫይታሚን አይጎዳም። የጎዳው ማውጣት መመለሱ ነው። ከፍሪጅ የወጣ የውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሲቆይ ላብ በላብ ይሆን የለ? የቫይታሚኑም ዕቃ እንደዚያው ነው፤ ክዳኑን ሲከፍቱት ደግሞ የክፍሉ ሞቃት አየር ገብቶ ቀዝቃዛዎቹ እንክብሎች ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል፣ እርስዎም ያንን እርጥበት አብረው ከድነው ይመልሱታል። በነጋታውም እንደዚሁ። ቫይታሚን ሲ ደግሞ ውሃ ወዳጅ ነው፤ ትንሽ እርጥበት ካገኘ ይስባል፣ ከረጠበ በኋላ ከአየር ጋር ተዋህዶ ለመበላሸት ጊዜ አይፈጅበትም።

ታዲያ የት ይቀመጥ? መኝታ ቤት፣ መሳቢያ ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ። ደረቅ፣ ጨለም ያለና ከ25 ዲግሪ ብዙም የማያልፍ ቦታ ይበቃል። ከፍሪጅ አውጥተው ምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ እንዳይደረድሩት አደራ፤ እዚያ ሙቀቱም እንፋሎቱም አለ። ሻወር ቤትም አይሆንም። እኔ ራሴ ሐኪም ሆኜም ለዓመታት ከመታጠቢያው በላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ነበር የማስቀምጠው፣ የሰው ነገር! መኪና ውስጥም አይተዉት፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ካፕሱሎቹም እርስ በርስ ይጣበቃሉ።

የዓሣ ዘይቱ ግን ይለያል። ጠላቱ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ስለሆነ ዕቃው ላይ ካልተከለከለ ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ ይሻለዋል፣ የሚፈልጓትን ፍሬ ብቻ አውጥተው ቶሎ ይመልሱት። ከተጠራጠሩ አንዷን ካፕሱል በመርፌ ወጋ አድርገው ያሽትቱት። ለስለስ ያለ የዓሣ ሽታ ጤነኛ ነው። አፍንጫ የሚወጋ፣ የቆየ ቀለም የሚመስል ሽታ ካለው ዘይቱ ተበላሽቷል፣ አይዋጡት። ፕሮባዮቲክ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ያንብቡ። ውስጡ ያሉት ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ፍሪጅ የግድ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ አይፈልግም።

ዕቃው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ከረጢት አይጣሏት፣ እርጥበት የምትመጠው እሷ ናት። ጥጡን ግን ከከፈቱ በኋላ ያውጡት፤ እርጥበት ይዞ ይቀመጣል። በእርጥብ እጅ አይዝገኑ። በቀን በቀን የተከፋፈለች የኪኒን ሣጥን ካለችዎት የአንድ ሳምንት ብቻ ይሙሉባት፣ የወር አይሁን።

ዕቃው ላይ ያለው ቀን የሚሠራው እንደታዘዘው ከተቀመጠ ነው። ቀኑ ያለፈበት ቫይታሚን አብዛኛውን ጊዜ መርዝ አይሆንም፣ ይደክማል እንጂ። ድካሙ ዋጋ የሚያስከፍልበት ቦታ ግን አለ። ለማርገዝ ያሰበች ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የምትወስደው የልጁን አንጎልና አከርካሪ ለመጠበቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ቅርጹን የሚይዘው ከፅንሰት በኋላ ባሉት 28 ቀናት ገደማ፣ ብዙዎች ማርገዛቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። እዚህ ላይ በደከመ እንክብል መጫወት አያስፈልግም። አዲስ ይግዙ።

ሳልረሳው፣ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ትተውት ስለሚቆዩት መልቲቫይታሚን። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ ይህን ልማድ ዛሬውኑ ይተዉ። ብዙዎቹ አይረን አላቸው፤ አይረን በቀላሉ አይበላሽም፣ ግን ለአዋቂ የተሠራውን ልጅ ከረሜላ መስሎት ብዙ ከዋጠ ሊገድለው ይችላል። ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ያድርጉት። ምናልባት ከዋጠ ደግሞ ዕቃውን ይዘው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። አስመልሶት ከዚያ ደህና ቢመስልም አይጠብቁ፤ ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ ሊብስበት ይችላል።