መቁረጫው ላይ ፊደል የሚውጠው ፎርማተር

ጥያቄው ከአራት ኪሎ ነው የመጣው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ለቪኤስ ኮድ፣ ኮድ ለሚጻፍበት ፕሮግራም፣ በፓይተን የምትሠራ አጋዥ (ፎርማተር) አለችን። ረጅም ስትሪንግ (ኮድ ውስጥ በጥቅስ የተከበበ ጽሑፍ) ስታገኝ 80 ላይ እየቆረጠች ትደረድራለች። እንግሊዝኛውንና አፋን ኦሮሞውን ታሳምረዋለች። የአማርኛውና የትግርኛው መስመር ግን አጭር ይወጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ መቁረጫው ላይ ፊደል ይጠፋል። ፎንት ብንቀይርም አልሆነም።»

ወንድሜ፣ ፎንቱ ምንም አላጠፋም። አጭር የወጣውን መስመር ክፍት ቦታውን ጨምረህ ቁጠረው፤ 30 ግድም ይሆናል። ኮድህን ሳላይ እወራረዳለሁ፦ መሣሪያችሁ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ኮምፒውተሩ ፊደልን የሚያስቀምጥበት ቁጥር፣ ነው። አፋን ኦሮሞው ደህና መሆኑ ነው ያሳበቀባችሁ፤ በቁቤ ስለሚጻፍ አንዱ ፊደል አንድ ባይት ነው።

ምንም ከመንካትህ በፊት ግን ጊት ላይ ኮሚት አድርግ፤ ያለውን እንዳለ መዝግበህ አስቀምጥ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ በአንዴ አርባ ፋይል ያበላሻል።

አሁን ወደምወዳት ነገር ልግባ። በዩቲኤፍ-8፣ ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ሥርዓት፣ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው። «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ነው፤ «ላ» 225፣ 136፣ 139፤ «ም» 225፣ 136፣ 157። የፊደል መጀመሪያ 225 ነው፤ ከ128 እስከ 191 ያለው ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ተከታይ ነው፣ ብቻውን አይቆምም። እንግዲህ 80ን ለ3 አካፍለው፤ 26 ደርሶ 2 ይተርፋል። ሃያ ሰባተኛው ፊደል ሁለት ባይቱ እላይ፣ አንዱ እታች ይቀራል ማለት ነው። ክፍት ቦታ አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ስሌቱን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል፤ አንዳንዱ መቁረጫ በዕድል ፊደል መጨረሻ ላይ ያርፋል። «አንዳንዴ» ያልከኝ እሱን ነው። «ም»ን በተለይ ተመልከታት። 157 በዊንዶውስ 1252 ኮድ ገጽ (በድሮው የፊደል ሰንጠረዥ) ላይ ቦታ የላትም። አንድ ሰው ፋይሉን ኢንኮዲንግ (የፊደል ሥርዓቱን) ሳይጠቅስ ይህን ሰንጠረዥ በሚጠቀም ዊንዶውስ ላይ ሲከፍተው «ም» ላይ ሲደርስ ይወድቃል፤ «ም» የሌለበት የአማርኛ ገጽ ደግሞ የት ይገኛል?

የቀድሞው ጠጋኝ ያደረገውም ይታየኛል። ስሕተቱን ሲያይ ፋይሉን በባይት ከፈተው፤ መልሶ ወደ ጽሑፍ ሲቀይረው ሲያስቸግረው «ኢግኖር» ብሎ አለፈው። ኢግኖር ማለት የሚያፈስ ቧንቧ ላይ ምንጣፍ መጣል ነው። የተቆረጠውን ፊደል ሁለቱንም ቁራጭ በዝምታ ይጥላል። ባያደርገው ኖሮ ፕሮግራሙ ጮሆ ይቆም ነበር፤ እናንተም በመጀመሪያው ቀን ታውቁት ነበር።

ፋይሉን በግልጽ ዩቲኤፍ-8 ብለህ ክፈት፣ ኢግኖሩን አውጣ፣ በፊደል ቁጠር፣ ክፍት ቦታ ላይ ብቻ ቁረጥ። ክፍት ቦታው ከላይኛው ቁራጭ ጋር ይቅር። ባክስላሽንና ተከታዩን አትለያያቸው። ቁራጮቹን በቅንፍ ክበባቸው፤ ያለ ቅንፍ ከግራ ጠርዝ እኩል ርቀው ከተደረደሩ ሁለተኛው መስመር ስሕተት ሳያሰማ ከንቱ ይቀራል።

ስትሪንግ የምትፈልጉት በሬጅክስ (ጽሑፍን በንድፍ በመፈለጊያ) ከሆነ፣ ከየቦታው የሚለቀም ርካሽ ሬጅክስ ያስመርረኛል። ጥቅስ እስከ ጥቅስ እየፈለገ ይሄዳል፤ ኮሜንት (የማስታወሻ መስመር) ውስጥ የቁቤዋ ጭረት (') ስትገጥመው ግማሽ ፋይል ስትሪንግ ይመስለዋል። ኮዱን በየቁራጩ የሚለየውን የፓይተን ቶክናይዝ ሞጁል ተጠቀም፤ የዓምድ ቁጥሩን በፊደል ይሰጥሃል። ኤኤስቲ፣ የኮዱን መዋቅር የሚያነበው ሌላው ሞጁል፣ የሚሰጠው በዩቲኤፍ-8 ባይት ነው፤ ሁለቱን ካደባለቅህ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስህ። ከጥቅሱ በፊት ኤፍ (f) ያለባቸውንና ባለ ሦስት ጥቅሶቹን ለጊዜው እለፋቸው።

ዋናው ፋይል ላይ በቀጥታ አትጻፍ። ለመጻፍ ስትከፍተው መጀመሪያ ባዶ ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ አለቀ። ካዛንቺስ ስሠራ የአንድ ከሰዓት ድካሜን ዜሮ ባይት ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ኮሚት አላደረግሁም ነበር። እዚያው ፎልደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ጻፍና ሲያልቅ በፓይተኑ ኦኤስ ሪፕሌስ (os.replace) ተካው።

ለመፈተን፣ ከመቁረጥ በፊትና በኋላ ያለውን ስትሪንግ በሊተራል ኢቫል (ast.literal_eval፣ በጥቅስ ያለውን ወደ ጽሑፉ በሚመልሰው) አንብበህ አወዳድር። እኩል ካልሆኑ መሣሪያው ሳይጽፍ ይቁም። ከዚያ ሁለት ጊዜ አስኬደው፤ ሁለተኛው ዙር አንዲት ቦታ እንኳ መቀየር የለበትም። የአማርኛው መስመር ከእንግሊዝኛው ሰፋ ብሎ ቢታይህ፣ ያ በእርግጥ የፎንት ነገር ነው፤ ተወው።

እስካሁን የጠፉት ፊደላት በዚህ አይመለሱም። ከድሮ ኮሚት ነው የምታወጣቸው፣ ካለ።