ስተርዚንግ ልትገቢ ነው? ጣልያንኛሽ ሥራ ያስገኝልሻል፣ ጎረቤት ግን አያስገኝልሽም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ከሮም ተነስተሽ ስተርዚንግ ሆቴል ልትቀጠሪ ነው፣ «ጣልያንኛዬ ይበቃኛል ወይ? የ6 ዓመት ልጄንስ የትኛው ትምህርት ቤት ላስገባው?» ነው ያልሽው። እኔ እዚያ 7 ዓመት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር፣ በኋላ አንዲት እማማ ጦሬያለሁ።

ስሙ አያደናግርሽ። ስተርዚንግና ቪፒቴኖ አንድ ከተማ ነው፣ በሰሜን ጣልያን፣ ኦስትሪያ ድንበር አጠገብ ያለ፣ አንዱ በጀርመንኛ ሌላው በጣልያንኛ። የመንገዱ ታፔላም የኮሙኔው (የማዘጋጃ ቤቱ) ቅጽም በሁለቱም ነው። ሕዝቡ ወደ 7 ሺህ ነው፣ አብዛኛው አፉን የፈታው በጀርመንኛ ነው። አገሩ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት የኦስትሪያ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ውል ለጣልያን ተሰጠ። ከዚያ የሙሶሊኒ መንግሥት ጀርመንኛን ከትምህርት ቤት አስወጣ፣ የየቦታውንም ስም በጣልያንኛ ቀየረ። እና «ጣልያን አገር ተቀምጠው ለምን ጣልያንኛ አያወሩም» ብለሽ እንዳትጠይቂ። እኔ በመጀመሪያው ወር ጠይቄያለሁ፣ የመለሰልኝ የለም።

ለሥራና ለቢሮ ጣልያንኛሽ ይበቃል፣ ቢሮ በመረጥሽው ቋንቋ ሊያስተናግድሽ ግዴታው ነው። ችግሩ ከዚያ ውጭ ነው። ዳቦ ቤት ገብቼ «ቦንጆርኖ» ስል ሴትየዋ ዳቦውን ጠቅልላ ሰጥታኝ ፊቷን ታዞር ነበር። አብራኝ የምትሠራ ልጅ «መጀመሪያ ግሩስ ጎት በያት፣ ከዚያ ወደ ጣልያንኛ ዙሪ» አለችኝ። በማግስቱ አልኳት። ሴትየዋ በጣልያንኛ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፣ ሹተልብሮትም ቆርሳ አቀመሰችኝ። ራይ ከሚባል እህል የሚጋገር፣ ስስ፣ ድርቅ ያለ፣ ጥርስ የሚሰብር ቂጣ ነው። የአብሽ ዘመድ የሆነ ቅመም አለበት፣ ሽታው አገር ቤት ወሰደኝ።

ጀርመንኛ ኮርስ ጀምሪ፣ ግን ኮርሱ ላይ የተማርሽውን መንገድ ላይ ካልሰማሽው አትደንግጪ። እርስ በርስ የሚያወሩት የራሳቸውን የገጠር ጀርመንኛ ነው። ጆሮሽ እስኪለምድ ዓመት ይፈጃል። ወደፊት የመንግሥት ሥራ ካሰብሽ ደግሞ የሁለቱን ቋንቋ ፈተና፣ ፓተንቲኖ የሚሉትን፣ ማለፍ አለብሽ።

የምጦራቸው እማማ አንድ ቀን ከመሳቢያ ፎቶ አወጡ። አባታቸው ናቸው፣ በጣልያን ወታደር ልብስ፣ ከኋላቸው ቁልቋል። ቁልቋሉን እንዳየሁ የት እንደሆነ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣልያን እኛ ላይ ሲዘምት የዚህ አገር ጎረምሶችም ተመልምለው ሄደዋል። «አባቴ ጣልያንኛ እንኳ በቅጡ አይችልም ነበር» አሉኝ። የምለው ጠፋኝ። ተነስቼ ቡና አፈላሁ።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። የጀርመንኛና የጣልያንኛ ትምህርት ቤቱ ለየብቻ ነው፣ ምርጫው የወላጅ ነው። በሁለቱም ሌላኛው ቋንቋ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይሰጣል። እኔ ልጄን ጀርመንኛው ጋ አስገባኋት። የመጀመሪያው ዓመት ለቅሶ ነበር፣ አልደብቅሽም። በሦስተኛው ዓመት ግን እኔን ማረም ጀመረች፣ ሰፈር ውስጥ የማታውቀው ልጅም አልነበረም። ሁለት ዓመት ሠርተሽ ሮም የምትመለሺ ከሆነ ግን ልጁን አታንገላቺው፣ ጣልያንኛው ይሻለዋል።

ሳትፈርሚ በፊት ስለ መኖሪያ ጠይቂ። ሆቴሎች ክፍል ይሰጣሉ፣ ግን ብዙዎቹ በብርዱና በሙቀቱ የቱሪስት ወቅቶች መሀል ይዘጋሉ። እኔን አንዱ ሆቴል ሚያዝያ ላይ «በሦስት ቀን ልቀቂ» ብሎኝ ሻንጣዬን ይዤ ሰው ቤት ተጠግቻለሁ። ሆቴሉ ሲዘጋም ክፍሉ ያንቺ ሆኖ ይቆይ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ።

ወደ ኦስትሪያ የሚያሻግረው የብሬነር ድንበር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኢንስብሩክ ለገበያ መሄድ ይቻላል። ፓስፖርትሽንና ሶጆርኖሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ሁለቱንም ያዢ። ባቡር ውስጥ ፖሊስ ይገባል፣ የእኛን መልክ ደግሞ አያልፉትም። በጣልያን ሶጆርኖ ኦስትሪያን መጎብኘት እንጂ መሥራት አይቻልም።

ብርዱን በተመለከተ፣ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ነው፣ ከድሬዳዋ እንኳ ያንሳል። እኔም ይህን አንብቤ ነው ታኅሣሥ ላይ በስኒከር የገባሁት።