ኮከቧን አታስገባ፤ ባለቤቱን አስተካክል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቢሮውን ሰርቨር አዘመንክ፤ በማግስቱ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘው ፕሮግራም) በጋራ በምትሠሩበት ሪፖዚቶሪ፣ ማለትም ፋይሎቹንና ታሪካቸውን በያዘው አቃፊ ላይ «ባለቤትነቱ ያጠራጥራል» ብሎ እምቢ አለ። አንዱ፣ ጊት የማንንም አቃፊ ሳያጣራ እንዲቀበል ቅንብሩ ውስጥ የኮከብ ምልክት (*) አስገብተህ ተገላገል ሲልህ ሌላው ወደ አሮጌው ስሪት ተመለስ አለህ። ሁለቱንም አታድርግ። የመጀመሪያውን እኔ ራሴ አድርጌው ስለነበር ታሪኩን ልንገርህ።

በቅድሚያ ግን ክልከላው ከየት እንደመጣ ብታውቅ ይሻላል። ጊት ትዕዛዝ ስትሰጠው ካለህበት አቃፊ ተነሥቶ ሪፖዚቶሪ እስኪያገኝ ድረስ ወደ ላይ ይወጣል። ያገኘውን ሪፖዚቶሪ ቅንብር ያነባል፤ በዚያ ቅንብር ውስጥ ደግሞ ጊት በራሱ የሚያስነሣቸውን ፕሮግራሞች መጥቀስ ይቻላል። እንግዲህ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ አንድ ተንኮለኛ በሲ ድራይቭ ሥር ሪፖዚቶሪ ፈጠረ እንበል። ሌላው ሰው የራሱ ሪፖዚቶሪ በሌለው አቃፊ ውስጥ ሆኖ ጊትን ሲጠራ የተንኮለኛው ፕሮግራም በዚህ ምስኪን ሥልጣን ይሠራል። ትዕዛዝ መጻፍ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል፤ የሚሠራበትን የጊት ቅርንጫፍ ስም በትዕዛዝ መስመሩ ላይ የሚያሳይ ማስጌጫ ካለው እሱ ራሱ ጊትን ይጠራዋል። ይህን ክፍተት ለመድፈን ሚያዝያ 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ስሪት 2.35.2 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሪፖዚቶሪው የሌላ ሰው ከሆነ ጊት ቆሞ እምቢ ይላል።

የሚያስቀው፣ መድኃኒቱም የራሱ ሕመም ነበረው። ከዚህ ክልከላ ነፃ የሚሆኑትን አቃፊዎች የምትመዘግበው «ሴፍ ዳይሬክተሪ» (safe.directory) በሚባለው ቅንብር ነው። በ2.35.2 ይህን ዝርዝር የሚያነበው ኮድ የቅንብሩን ስም ማጣራት ረስቶ ነበር፤ የአቃፊው አድራሻ ምንም በማይገናኝ ሌላ ቅንብር ውስጥ ተጽፎ ቢገኝ እንኳ እንደ ፈቃድ ይቆጥረው ነበር። በቀናት ውስጥ 2.35.3 ወጥቶ ይህ ታረመ፤ ሰዉ በጣም ስለጮኸም ፍተሻውን ከነጭራሹ የምታጠፋው ኮከብ አብራ መጣች።

እኔም ከጯሂዎቹ አንዱ ነበርኩ። የሰሙነ ሕማማት ሳምንት ነው፤ ለበዓሉ ወደ ቤተሰብ ልሄድ ስጣደፍ ስምንት ሰዎች በአንድ ጊዜ «ጊት አልሠራም አለ» ብለው ደወሉልኝ። ኮከቧን በሰርቨሩ አጠቃላይ ቅንብር ላይ ጻፍኩና ሄድኩ። ከበዓል መልስ አስተካክለዋለሁ አልኩ፤ ረሳሁት።

ሁለት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ አዲስ የመጣ ተለማማጅ አዲስ ሪፖዚቶሪ የሚፈጥረውን ጊት ኢኒት የሚለውን ትዕዛዝ በራሱ አቃፊ መስጠት ሲገባው ሁሉንም ፕሮጀክቶች በያዘው የላይኛው አቃፊ ላይ ሰጠ። ማንም አላወቀም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ባልደረባችን ፕሮጀክቷን ልታጸዳ በጊት ያልተመዘገበውን የሚጠርገውን ጊት ክሊንን ፋይልም አቃፊም እንዲያጠፋ አድርጋ አዘዘች፤ የቆመችው ግን ከፕሮጀክቷ ጎን ባለው፣ የደንበኛ ሰነዶች ስካን ተደርገው በተቀመጡበት አቃፊ ውስጥ ነበር። ያ አቃፊ የራሱ ሪፖዚቶሪ የለውም። ጊት ወደ ላይ ወጥቶ የተለማማጁን አገኘ፤ በዚያ ዓይን ሲያይ ሰነዶቹ ሁሉ ያልተመዘገበ ቆሻሻ ናቸው። ጠረጋቸው። ጊት ክሊን ያጠፋውን ጊት አይመልስልህም፤ ኮሚት ያልተደረገ፣ ማለትም በጊት ያልተመዘገበ ነገር ታሪክ የለውም። ከአርብ መጠባበቂያ ቅጂ መልሰን የሦስት ቀን ሥራ በእጅ እንደገና ስካን አደረግን። ያቺ ኮከብ ባትኖር ኖሮ ጊት «ይህ የሌላ ሰው ነው» ብሎ እዚያው ይቆም ነበር። ኮከቧን ያን ዕለት አጠፋኋት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስለዚህ ወደ አንተ ጉዳይ ስንመለስ፣ በመጀመሪያ የአቃፊው ባለቤት ማን እንደሆነ እይ። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው በሩት (በሰርቨሩ የበላይ ተጠቃሚ) ሥልጣን ሆኖ ሪፖዚቶሪውን ገልብጦ ወይም ክሎን አድርጎ (በጊት ሙሉ ቅጂ ወስዶ) ትቶት ታገኛለህ። እንዲህ ከሆነ ባለቤቱን ቻውን (chown) በሚባለው ትዕዛዝ መቀየር ነው፤ አለቀ። ብዙ ሰው በአንድ አቃፊ ላይ ቀጥታ የሚሠራ ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ጊት ለዚህ ዓይነቱ አሠራር አልተሠራም። ሰርቨሩ ላይ ጊት የሚባል አንድ ተጠቃሚ ፍጠር፤ የጋራው ሪፖዚቶሪ የእሱ ይሁን፤ ሁሉም በየራሱ ቁልፍ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) ይግባ፤ ሥራውን ግን በየራሱ ክሎን ይሥራ። የግድ ፈቃድ መስጠት ካለብህ የአንዱን አቃፊ ሙሉ አድራሻ ብቻ መዝግብ። ከ2.46 ጀምሮ በአንድ አቃፊ ሥር ላሉት ሁሉ በአንድ መስመር መፍቀድም ይቻላል። ፈቃዱን በራሱ በሪፖዚቶሪው ቅንብር ውስጥ ጽፈህ አልሠራ ካለህ አትገረም፤ ጊት ከዚያ አያነበውም። ተከሳሽ ለራሱ ምስክር ቢሆን ምን ዋጋ አለው?

በፍላሽ ሥራ የምታመላልሱ ከሆነም ይኸው መልእክት ዊንዶውስ ላይ ይመጣባችኋል፤ ፍላሾች የሚቀረጹባቸው ፋት 32 እና ኤክስፋት የሚባሉት የፋይል አደረጃጀቶች የፋይል ባለቤት አይመዘግቡም። አቃፊውን መገልበጥ ትታችሁ ጊት በንድል (git bundle) የሚባለውን ትዕዛዝ ተጠቀሙ፤ ታሪኩን በሙሉ በአንድ ፋይል ያስርላችኋል፣ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ከእሱ ክሎን ታደርጋላችሁ።

ወደ አሮጌው ስሪት መመለስን በተመለከተ፣ አዲስ ስሪት ሥራ ያበላሻል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የወጣው 2.45.1 ከባድ ክፍተቶችን ደፈነ፤ ከነዚያም አንዱ ዊንዶውስና ማክ ላይ አንድን ሪፖዚቶሪ ከነሰብሞጁሎቹ (በውስጡ ከተካተቱት ሌሎች ሪፖዚቶሪዎች ጋር) ክሎን ስታደርግ የባዕድ ኮድ እንዲነሣ የሚያደርግ ነበር። ነገር ግን «ለጥንቃቄ» ተብሎ የተጨመረ አጥር በክሎን ጊዜ ሁኮችን (ጊት በራሱ የሚያስነሣቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች) ስለከለከለ ትልልቅ ፋይሎችን በጊት ኤልኤፍኤስ የሚይዙ ሰዎች ሥራ ቆመ። በዚያው ወር 2.45.2 ወጥቶ ትርፉን አጥር አነሣ፤ ዋናውን ጥገና ግን አልነካውም። የተቸገሩት ሰዎች መፍትሔ ወደ ፊት አንድ ቁጥር መሄድ ነበር፤ ወደ 2.45.0 የተመለሰ ሰው ክፍተቱን ይዞ ተመለሰ።

የእኔ ልማድ እንዲህ ነው። የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ ከሆነ አልቸኩልም፤ በ2.34.0 የተበላሹ ነገሮችን 2.34.1 ሲጠግን አይቻለሁ። ስለ ደህንነት የወጣ ከሆነ ግን በራሴ ኮምፒውተር ላይ ግማሽ ቀን ሠርቼበት ወዲያው ሰርቨሩ ላይ እጭነዋለሁ። የልቀት ማስታወሻውን ሙሉውን አላነብም፤ ከድሮው ጋር የማይጣጣመውን የሚዘረዝረውን ክፍልና የተጠገኑትን ስህተቶች ብቻ አያለሁ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የአቃፊውን ባለቤት ስምና ትዕዛዙን የሚሰጠውን ተጠቃሚ ስም እዚህ ጻፍልን። በድረ ገጹ ሰርቨር ተጠቃሚ ስም በራሱ የሚነሣ ስክሪፕት ካላችሁም አብረህ ጥቀስ፤ እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው።